ቲኤንኤፍ ያስወጣው የሃያሉሮናን ስባሪ ነው ወይስ ቆሻሻው?

መቅኔ_አብቃይ
ሰላም ለሁላችሁ። ከአይጥ መቅኔ ባደጉ ማክሮፋጆች (ባዕድ ነገር የሚውጡ የመከላከያ ሴሎች) ላይ 200 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ የሆነ ሃያሉሮናን፣ ማለትም በሴሎች መሃል የሚገኝ ረጅም የስኳር ሰንሰለት፣ በሚሊ ሊትር 100 ማይክሮግራም ሲጨመር በ6 ሰዓት ውስጥ ቲኤንኤፍ (ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲን) በደንብ ይወጣል። ከ1,000 ኪሎዳልተን በላይ የሆነው ዝም ነው። ፖሊሚክሲን ቢ ምላሹን አልቀነሰውም። እንግዲህ ቀስቃሹ ኤልፒኤስ (የአንዳንድ ባክቴሪያዎች ሽፋን ክፍል፣ ኢንዶቶክሲን የሚባለው) አይደለም፣ የተጎዳ ሳንባም የሚቆጣው በዚሁ የሃያሉሮናን ስባሪ ነው ማለት ይቻላል?

ንጹህ_ቱቦ
አይቻልም፣ ገና ነው። ፖሊሚክሲን የሚይዘው ኤልፒኤስን ነው። ሃያሉሮናኑ ከስትሬፕቶኮከስ የወጣ ከሆነ ግን ይህ ባክቴሪያ ኤልፒኤስ የለውም፤ ያለው ሊፖፕሮቲን ነው፣ እሱም በቲኤልአር2 (ባክቴሪያን የሚለይ የሴል ተቀባይ) በኩል ይቀሰቅሳል። ፖሊሚክሲን አይነካውም። ያገኙት ውጤት ከዚህ ጋር ልክክ ይላል።

ኤልፒኤሱንም ቢሆን ሂሳቡን ይሥሩት። 1 የኢንዶቶክሲን ዩኒት ወደ 0.1 ናኖግራም ነው። ዱቄቱ በማይክሮግራም 0.01 ዩኒት ብቻ ቢይዝ፣ በእርስዎ ዶዝ በሚሊ ሊትር 1 ዩኒት ይደርሳል፤ ማክሮፋጅ ደግሞ ለዚያም ሊነቃ ይችላል። ኢንዶቶክሲን የሚለካውን የኤልኤኤል ምርመራ ዝልግልጉ ሃያሉሮናን ራሱ ሊያዛባው ስለሚችል፣ የታወቀ መጠን ጨምረው ከ50 እስከ 200 በመቶው ሲመለስ ካላዩ ንባቡን አይመኑ።

ትንሹና ትልቁ ሃያሉሮናን ከአንድ ሎት (በአንድ ጊዜ ከተመረተ) ናቸው?

አልቪዮላይ
ወደ ሳንባው ስንመጣ ነገሩ «ስባሪ ያስቆጣል» ከሚለው ይሰፋል። በብሊዮማይሲን (ሳንባን የሚጎዳ መድኃኒት) የተጎዱ፣ ሲዲ44 (ሃያሉሮናንን የሚይዝ የሴል ተቀባይ) የሌላቸው አይጦች የተከማቸውን ስባሪ ማጽዳት አቅቷቸው፣ ብግነቱ ሳይበርድ ይሞታሉ (2002)። ቲኤልአር2ም ቲኤልአር4ም (ኤልፒኤስን የሚለየው ተቀባይ) የጎደላቸው ደግሞ (2005) ወደ ሳንባ የሚገባው የብግነት ሴል ቢቀንስም የአየር ከረጢት ሽፋን ሴሎቻቸው ይበልጥ ያልቃሉ። ያው ተቀባይ ብግነትም ይጠራል፣ ሽፋኑንም ያቆያል። ስለዚህ «ቲኤልአር4ን እንዝጋ» የሚለው ሐሳብ አያሳምነኝም።

አይጥ ላይ ስትሠሩ ቲኤንኤፍ ብቻውን አይበቃም። በሳንባ እጥበቱ ውስጥ የሴል ቆጠራና አልቡሚን (የደም ፕሮቲን) ጨምሩ፤ አልቡሚኑ ሽፋኑ መብሳቱን ይናገራል። ሃያሉሮናንን በኤላይዛ መለካትም ብዛቱን እንጂ ርዝመቱን አያሳይም፤ ለርዝመቱ ጄል ያስፈልጋል።

መቅኔ_አብቃይ
ሎቱ ይለያያል። ትልቁ ከአውራ ዶሮ አናት ቀይ ሥጋ፣ ትንሹ ከባክቴሪያ ነው።

ንጹህ_ቱቦ
በቃ፣ ያወዳደሩት ርዝመትን ሳይሆን ምንጭን ነው። ከትልቁ ይጀምሩና ስባሪውን ራስዎ ይሥሩ፤ ያኔ ቆሻሻው በሁለቱም እኩል ይሆናል። ከኢንዶቶክሲን ነጻ በሆነ ፒቢኤስ (የጨው መሟሟያ) በሚሊ ሊትር 1 ሚሊግራም አድርገው 4 ዲግሪ ላይ ያሳድሩት፤ ካልራሰ እየጓጎለ ያስቸግራል። በረዶ ላይ ሶኒኬት እያደረጉ (በድምፅ ሞገድ እየሰባበሩ) በየመሃሉ ናሙና ይውሰዱ፣ በአጋሮዝ ጄል ላይ በስቴንስ-ኦል ቀለም ይዩት። ቀለሙ ብርሃን ስለማይወድ ጨለማ ውስጥ ያቆዩት።

በሃያሉሮኒዴዝ (ሃያሉሮናንን የሚቆርጥ ኢንዛይም) ፈጭቶ ምላሹ መጥፋቱን ማየትም ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ከስትሬፕቶማይሲስ ባክቴሪያ የሚወጣው ኢንዛይም 4 እና 6 ስኳር ያላቸውን ቁርጥራጮች ይተዋል፤ እነሱም ይቀሰቅሳሉ የሚሉ አሉ። ኢንዛይሙን ብቻውን የያዘ ዌል (የሴል ማሳደጊያ ሳህን ጉድጓድ) አይቅር።

ብርጭቆውን 250 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ ይጋግሩት። የሶኒኬተሩ ጫፍ ግን አይጋገርም፤ ስለዚህ ፒቢኤስ ብቻውን በዚያው ጫፍ፣ ለዚያው ያህል ደቂቃ ሶኒኬት ይደረግና ሴሎቹ ላይ ይጨመር። እሱ ቲኤንኤፍ ካስወጣ ጣጣው ከጫፉ ነው።