የሰባት ሌሊት የመርከብ ጉዞ፦ በጋራ ሐሳቡ ረቂቅ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

የጉዞ ኮሚቴ ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «ማኅበሩ ለአባላቱ የሰባት ሌሊት የሜዲትራኒያን ባሕር የመዝናኛ መርከብ ጉዞ ያዘጋጃል፤ ማረፊያ፣ ምግብና መዝናኛ በአንድ ክፍያ የተጠቃለሉ ናቸው።» የሚታረመውንና የሚጨመረውን እንድትጽፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ «በአንድ ክፍያ የተጠቃለሉ» የሚለው ይውጣ። በትኬቱ ዋጋ የሚገኘው መኝታ ክፍሉ፣ በዋናው የመመገቢያ አዳራሽና በቡፌው የሚቀርበው ምግብ እንዲሁም አብዛኛው የመድረክ ትርዒት ነው። የአልኮልና የለስላሳ መጠጥ፣ ኢንተርኔት፣ ልዩ ምግብ ቤቶችና በየወደቡ የሚደረጉ ጉብኝቶች አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ይከፈላሉ፤ በብዙ ኩባንያዎች ደግሞ የሠራተኞች ጉርሻ በነፍስ ወከፍ በየቀኑ እየተሰላ ሒሳቡ ላይ ይጨመራል። ወጪው ሁሉ የክፍሉን በር በሚከፍተው ካርድ ስለሚመዘገብ፣ በየዕለቱ ያልተከታተለ ሰው ድምሩን የሚያየው ከመርከቡ ሊወርድ ሲል ነው። ዋጋው የሚወጣው በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ያድራል በሚል ስሌት በመሆኑ፣ ብቻውን ማደር የሚፈልግ አባል የሁለት ሰው ያህል ሊከፍል እንደሚችልም በግልጽ ይጻፍ።

አንድ አባል፦ የገንዘብ ያዣችንን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ ግን የጉብኝቱ ሰዓት ነው። በመርሐ ግብሩ ላይ «ሮም» ተብሎ የሚጻፈው ወደብ ቺቪታቬኪያ ሲሆን ከከተማዋ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ «ፍሎረንስ» የሚባለውም ሊቮርኖ ነው፣ ከዚያም ወደ ከተማዋ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። መርከቡ ጠዋት ደርሶ አመሻሽ ላይ የሚነሣ ከሆነ፣ የደርሶ መልስ መንገዱና ቀድሞ የመመለሻው ሰዓት ሲቀነሱ ለከተማዋ የሚተርፈው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። የግሪክ ደሴት በሆነችው በሳንቶሪኒ ደግሞ ትልልቅ መርከቦች ከባሕሩ ላይ እንደቆሙ ተሳፋሪዎች በትንንሽ ጀልባዎች ወደ ዳርቻው ይወሰዳሉ፤ ከዚያም ገደሉን በኬብል መኪና ወይም ብዙ መቶ ደረጃዎችን በመውጣት ማለፍ ግድ ስለሚሆን፣ ሰልፉ ብቻ የዕለቱን ግማሽ ሊበላ ይችላል። በግሉ ወጥቶ የዘገየን ሰው መርከቡ አይጠብቅም። ስለዚህ አምስትና ስድስት ወደብ ከሚነካ ጉዞ ይልቅ፣ ጥቂት ወደብ ነክቶ ረዘም ያለ ሰዓት የሚቆየውን እንድንመርጥ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ በባሕር ላይ መዋልም የሚያስፈራ አይመስለኝም፤ ለመዝናናት የሚሄድ ሰው ማረፍ አለበትና።

በሕክምና ሙያ የሚያገለግሉ አባል፦ ወላጆቻችንም አብረውን ስለሚሄዱ፣ ክፍሎቻችን ከመርከቡ መሐል፣ ዝቅ ባሉት ወለሎች ላይ እንዲያዙ ይጻፍልኝ፤ መናወጡ የሚቀንሰው በዚያ ነው። ሻንጣ በመሳፈሪያው ቀን በሠራተኞች ተወስዶ ክፍሉ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ በመሆኑ፣ መድኃኒትና ፓስፖርት ከእጅ አይለዩ። በመርከቡ ላይ ሐኪም ቢኖርም አገልግሎቱ ይከፈልበታል፣ ከባሕር ላይ ታማሚን ማውጣትም እጅግ ውድ ነው፤ ይህንን ጭምር የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ግዴታ እንዲሆን አሳስባለሁ። አብዛኞቹ ኩባንያዎች 24ኛ ሳምንት የገባች ነፍሰ ጡር አያሳፍሩም። ቡፌው አጠገብ የሚቀመጠው የእጅ ማጽጃ ፈሳሽም ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣውን ኖሮቫይረስን በሚገባ ስለማይከላከል፣ እጅን በሳሙናና በውኃ መታጠብ አይቅር።

ጸሐፊ፦ ሁሉንም ተቀብያለሁ፤ ሁለት ነጥብ እጨምራለሁ። መርከቡ ከሼንገን አገሮች፣ ማለትም በአንድ የጋራ ቪዛ ከሚያስገቡት የአውሮፓ አገሮች፣ ወጥቶ፣ ለምሳሌ ቱርክን ነክቶ የሚመለስ ከሆነ፣ ቪዛ የሚያስፈልጋቸው አባላት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ መያዝ አለባቸው። በመጀመሪያው ቀን የሚደረገው የአደጋ ጊዜ ልምምድም ለማንም አይቀርም፤ በ2012 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ጂሊዮ ደሴት አጠገብ 32 ሰዎች ከሞቱበት የኮስታ ኮንኮርዲያ መርከብ አደጋ በኋላ ሕጉ ጠብቆ፣ ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሣ እንዲደረግ ተወስኗል።

የተሻሻለው ሐሳብ፦ «ማኅበሩ ጥቂት ወደቦችን ነክቶ በየወደቡ ረዘም ያለ ሰዓት የሚቆይ የሰባት ሌሊት ጉዞ ያዘጋጃል። ለአባላት የሚነገረው ዋጋ ጉርሻን፣ ኢንሹራንስንና በየወደቡ የሚደረጉ የጋራ ጉብኝቶችን የደመረ ይሆናል፤ የመጠጥ፣ የኢንተርኔትና ሌላው የግል ወጪ በተጓዡ ይሸፈናል።»

ገንዘብ ያዥ፦ እስማማለሁ፤ ስለ ስረዛ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ። ሙሉው ክፍያ ብዙውን ጊዜ ከመነሻው ቀን ወራት ቀድሞ ይጠናቀቃል፤ ከዚያ በኋላ ለሚሰርዝ ሰው የሚቆረጠው ገንዘብ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ይጨምራል። ይህ ቅጣት ከማኅበሩ ካዝና እንደማይሸፈን እያንዳንዱ ተመዝጋቢ ቀብድ ሲከፍል ይፈርም።

ጸሐፊ፦ ገብቷል። ረቂቁ በዚሁ መልክ ለጉባኤው ይቀርባል።