ራውተሩ ኢንተርኔት ያገኛል፣ ኮምፒውተሮቹ ግን አያገኙም

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ያለ ቢሮ ነው። ሞደሙ 192.168.1.1፣ የማይክሮቲክ ራውተሩ ኤተር 1 (ወደ ሞደሙ የሚሄደው ፖርት) 192.168.1.2፣ የውስጡ ኔትወርክ 192.168.88.0/24። ከራውተሩ 8.8.8.8 ፒንግ ይመልሳል፤ ከኮምፒውተሮቹ ዝም ነው። ምን ቀረኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፓኬቱ ይወጣል፤ መመለሻው ነው የጠፋው። ሞደሙ የውስጡን 192.168.88.0 ኔትወርክ አያውቀውም። ማይክሮቲኩ ላይ አይፒ፣ ፋየርዎል፣ ናት (የአድራሻ መቀየሪያው) ውስጥ ገብተህ ቼይን ሶርስ ናት፣ አውት ኢንተርፌስ ኤተር 1፣ አክሽን ማስከሬድ አድርግ፤ የኮምፒውተሮቹ ፓኬት በራውተሩ አድራሻ ይወጣል። አውት ኢንተርፌሱን ባዶ እንዳትተወው፤ ለምሳሌ ከውጭ ወደ ቢሮው ካሜራ የሚገባው ሁሉ የራውተሩን አድራሻ ይዞ ይታይና ማን እንደገባ አትለይም።

ሌላ መልስ፦ ድርብ ናት (ራውተሩም ሞደሙም አድራሻ እንዲቀይሩ) ካልፈለግህ ሞደሙ ላይ ስታቲክ ሩት (ቋሚ መንገድ) ጨምር፦ መድረሻ 192.168.88.0፣ ማስክ 255.255.255.0፣ ጌትዌይ 192.168.1.2። አንዳንዱ ሞደም ግን ናት የሚያደርገው ለራሱ ሰብኔት ብቻ ነው፤ ያኔ ማስከሬዱ ይሻላል።

ጠያቂው፦ ማስከሬዱ ሠራ፣ ፒንግ ይመልሳል። ዌብሳይት ግን አይከፍትም።

መልስ፦ ዲኤንኤስ (የዌብሳይት ስምን ወደ አይፒ የሚቀይረው) ነው። ዲኤችሲፒ (ለኮምፒውተሮቹ አድራሻ የሚሰጠው) ኔትወርክ ላይ የዲኤንኤስ ሰርቨር ቦታው ላይ 8.8.8.8 ሙላና የኮምፒውተሮቹን ኬብል ነቅለህ ሰካ።