ሥራው ሳይከብደው ትርጉሙ የጠፋበት ሠራተኛ ምን ቢያደርግ ይሻላል?

ጠያቂ (ሰነድ መርማሪ)

በአንድ ድርጅት የሂሳብ ክፍል ውስጥ የክፍያ ሰነዶችን መመርመር ከጀመርኩ ስምንተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ የተከመሩትን ሰነዶች አንድ በአንድ እያነሣሁ ደረሰኙ ከግዢ ትዕዛዙ ጋር መግጠሙን፣ ዕቃው ገቢ መደረጉንና ፊርማው መሟላቱን አይቼ «ተመርምሯል» የሚለውን ማኅተም እመታና ለሚቀጥለው ሰው አስተላልፋለሁ። ሥራው አይከብደኝም፤ ደመወዜም ከመሰሎቼ አያንስም፤ ከማንም ጋር አልተጣላሁም። ሆኖም ካለፈው ዓመት ወዲህ ማታ ወደ ቤት ስመለስ «ዛሬ ምን ሠራሁ?» ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልስ አጣለሁ። አስተዳደሩም የሠራተኛው ስሜት መቀዝቀዙን ታዝቦ ኖሮ በየኮሪደሩ አበረታች ጥቅሶችን ለጠፈ፣ የልደት ቀን ማክበር ጀመረ፣ የማረፊያ ክፍሉንም ቀለም አስቀባ። ክፉ አልሠራም፤ ግን የእኔን ጥያቄ አልነካውም። ሥራ ብቀይር ይሻላል ወይስ እዚሁ ሆኜ ላደርገው የምችለው ነገር አለ?

መልስ ፩ (የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ)

የገለጹት ነገር በሙያችን ዘንድ አዲስ አይደለም። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግና ባልደረቦቹ በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 200 የሚያህሉ መሐንዲሶችንና የሂሳብ ሠራተኞችን (የእርስዎን የሙያ ዘመዶች ማለት ነው) በሥራቸው እጅግ የተደሰቱበትንና እጅግ የከፋቸውን ጊዜ እንዲተርኩ ጠይቀው ነበር። የከፋቸውን ጊዜ ሲተርኩ በአብዛኛው ስለ አለቃ፣ ስለ ደንብና ስለ ሥራ ሁኔታ አነሡ፤ የተደሰቱበትን ሲተርኩ ግን ስለ ሥራው ራሱ፣ ስላከናወኑት ነገርና ስለተሰጣቸው ኃላፊነት አወሩ። ጥናቱ ትችት አላጣም፤ ሰው መልካሙን ለራሱ፣ ክፉውን ለሌላው የመስጠት ልማድ አለውና። ያም ሆኖ ቀለም የተቀባው ክፍል ጥያቄዎን ለምን እንዳልነካው ያስረዳል፤ ቀለሙ ምሬትን ያስታግሥ ይሆናል እንጂ ማኅተም መምታቱን ትርጉም አይሰጠውም። ስለዚህ ከመልቀቅዎ በፊት አለቃዎን ይበልጥ ሰፊ ኃላፊነት ይጠይቁ፤ ለምሳሌ አንድን ክፍያ ከጥያቄው እስከ መጨረሻው እርስዎ ቢከታተሉት።

መልስ ፪ (የሕክምና መዝገብ ሠራተኛ)

እኔም እንደ እርስዎ ወረቀት ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ የማሻግር ሰው ነኝ። ኤሚ ሬዝኔስኪና ጄን ደተን በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ስለ ሆስፒታል የጽዳት ሠራተኞች ያነሡትን ካነበብኩ ወዲህ ግን ሥራዬን በሌላ ዓይን ማየት ጀምሬአለሁ። የሥራ መደባቸው አንድ ሆኖ ሳለ ገሚሶቹ ራሳቸውን ወለል ጠራጊ ብቻ አድርገው ሲቆጥሩ፣ ሌሎቹ የበሽተኛው መዳን ተካፋዮች ነን ብለው ያምኑ ነበር፤ እምነታቸውም ከሕመምተኞችና ከነርሶች ጋር በነበራቸው ግንኙነትና ሥራቸውን በሚያከናውኑበት መንገድ ይታይ ነበር።

ይህን ካነበብኩ በኋላ አንዲት ነርስ ዘንድ ሄጄ «እኔ የማመጣልሽን ፋይል ስትከፍቺ መጀመሪያ የምትፈልጊው ምንድን ነው?» አልኳት። ለሕመምተኛው የማይስማማው መድኃኒት የተጻፈበትን ገጽ እንደምትፈልግ፣ እርሱም ሁልጊዜ ከመጨረሻው ወረቀት በታች ተቀብሮ እንደምታገኘው ነገረችኝ። ለዓመታት እዚያ የቀበርኩት እኔ ነበርኩ። ከኃላፊዬ ጋር ተነጋግረን ገጹን ወደ ፊት አመጣነው። ደመወዜ አልጨመረም፤ ግን አሁን ፋይል ስደረድር የምትከፍተዋ ሰው በዓይኔ ትታየኛለች። እርስዎም ከማኅተሙ በኋላ ሰነዱ የት እንደሚደርስ፣ በመጨረሻ ገንዘቡን የሚጠብቀው ሰው ማን እንደሆነ አንድ ጊዜ ተከትለው ይዩት።

መልስ ፫ (ሥራውን የለቀቀ)

ከላይ የተባለው መልካም ነው፤ ነገር ግን ሌላውንም ገጽታ አስቡበት። ስቱዋርት በንደርሰንና ጄፍሪ ቶምፕሰን በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የአራዊት መጠበቂያ ሠራተኞችን የሚመለከት ነው፤ ሥራቸውን እንደ ጥሪ የሚያዩት ሰዎች ትርጉም ቢያገኙበትም፣ ለሥራው ሲሉ ገንዘባቸውንና ምቾታቸውን ለመሠዋት ፈቃደኞች ስለነበሩ ለአሠሪ ብዝበዛ ይበልጥ የተጋለጡ ነበሩ። እኔ የለቀቅኩበት ቦታ «እኛ ቤተሰብ ነን» ይባል ነበር። ቤተሰብነቱ የሚነሣው ታዲያ ያለ ክፍያ እንድናመሽ ሲፈለግ ብቻ ነበር። ትርጉም ፍለጋውን ይቀጥሉ፣ የሥራ ሰዓትዎን ግን እየቆጠሩ።

መልስ ፬ (የቡድን መሪ)

ስለ ጥቅሶቹ ልጨምር። መልካም የሥራ ቦታን ከግድግዳው ይልቅ፣ ሠራተኛ «ተሳስቻለሁ» ሲል ከአለቃው ፊት ማንበብ ይቀላል። ኤሚ ኤድመንድሰን በሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተቶችን ስታጠና ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ብዙ ስሕተት ተመዝግቦባቸው አገኘች፤ ነገሩ ሲመረመር ግን ይበልጥ የሚሳሳቱ ሆነው ሳይሆን ስሕተታቸውን ለመናገር የማይፈሩ መሆናቸው ታየ። እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። አንድ ልጅ የተሳሳተ ሪፖርት መላኩን ሲነግረኝ ሳላስበው በረጅሙ ተነፈስኩ፤ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ከዚያ በኋላ ለወራት ማንም ስሕተት ይዞ ወደ እኔ አልመጣም፤ እኔም ቡድኔ የተሻሻለ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጠያቂ (ሰነድ መርማሪ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመዝገብ ሠራተኛዋን ወይም ሠራተኛውን ምክር ተከትዬ «ተመላሽ» ከሚለው ሳጥኔ አንድ ሰነድ አወጣሁና ዱካውን ተከተልኩ። የአንድ አነስተኛ ዕቃ አቅራቢ ክፍያ ነው፤ የመጋዘን ማኅተም ስለጎደለው ሦስት ጊዜ መልሼዋለሁ። ወደ መጋዘን ወርጄ ብጠይቅ ሠራተኛው ማኅተሙን ሦስቱንም ጊዜ መትቷል፤ ለካ የመታው እርሱ ዘንድ በሚቀረው ቅጂ ላይ ኖሯል። ሰነዱን ስመልስ «ማኅተም ይጎድላል» ብዬ ጻፍኩ እንጂ የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ አንድም ጊዜ አልገለጽኩም። ሁለታችንም ቆመን ሳቅን፤ አቅራቢው ግን የሚስቅ አይመስለኝም። ሥራ ስለመቀየሩ ገና አልወሰንኩም። በዚያው ሳጥን ውስጥ የቀሩትን 11 ሰነዶች ከመጋዘን ሠራተኛው ጋር ሰኞ አብረን ልናያቸው ተቀጣጥረናል።