አጥር የሌለው ግቢም ግቢ ነው

ከሽምብጥ፣ አሁን ዳላስ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች በሙሉ። ከባሕር ዳር ከመጣሁ ሰባት ወሬ ነው። የምግብ ዴሊቨሪ እሠራለሁ። ሁለት ነገር ጨንቆኝ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ባለፈው ዓርብ ማታ የሆነ ነው። የቤቱን ቁጥር በጨለማ ማየት አቃተኝ። የፊት በሩን ደወልኩ፣ መልስ የለም። በጓሮ በኩል መብራት ስለታየኝ ሳሩን አቋርጬ በጎን ዞርኩ። «ሄሎ» እያልኩ ነው የሄድኩት፤ እንደ ሌባ አላደባሁም። አንድ ሰውዬ ሽጉጥ ይዞ ወጣ። እጄን ሳነሳ ፌስታሉ ወደቀ፤ ሾርባው ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። «ውጣ» አለኝ፣ ወጣሁ። ለካ ያዘዘው ሰው ቤት ቀጥሎ ያለው ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አጥር የለውም እኮ! የከፈትኩት በር፣ የዘለልኩት ግንብ የለም። ምን አጠፋሁ?

ሁለተኛው ከአገር ቤት ነው። ባለፈው ወር ጎረቤት የእናታችንን ይዞታ ሁለት ሜትር ያህል ገፍቶ በቆርቆሮ አጠረው። ታናሽ ወንድሜ የሰፈር ልጆች ሰብስቦ ቅዳሜ ሊነቅለው ነው። ለልጆቹ የሚሆን ብር ላክ ይለኛል። ልላክ ወይስ ይቅር?

ከዳላስ የተመለስኩ፣ ባሕር ዳር፦

ወንድሜ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ። ብሩን አትላክ። ለምን እንደምልህ ኋላ እመጣበታለሁ፤ መጀመሪያ ስላንተ ላውራ።

እኔ ዳላስ 14 ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት። አሁን በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የራሴ በር ከፊቴ ይታየኛል። ቆርቆሮ ነው። ሰው ሲመጣ በቁልፍ ወይም በሳንቲም ይመታዋል፤ «ቤቶች!» ይላል። ከውስጥ «ማነው?» እንላለን። እስኪከፈትለት ቆሞ ይጠብቃል። ግንቡ አናት ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሏል። እዚህ አጥሩ ራሱ ይናገራል። አሜሪካ ግን ሳሩ ከእግረኛው መንገድ ጋር ተያይዞ ታየዋለህ፤ የኛ ዓይን ደግሞ አጥር ካላየ ሜዳ ነው ብሎ ያልፋል።

እኔም በመጀመሪያው ዓመት ልጄን ወደ አውቶቡስ ሳደርስ የአንዲት አሮጊት ሳር እያቋረጥኩ ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። አንድ ጠዋት ፖሊስ ቆሞ ጠበቀኝ። በትሕትና ነው ያነጋገረኝ፤ እኔ ግን ጉልበቴ ከዳኝ። ልጄ እጄን ጨብጦ «እማ፣ ምን አጠፋን?» አለኝ። አንተ አሁን የጠየቅከውን ማለት ነው።

ዘጌን አስበው። ወደ ገዳማቱ የሚወስደው መንገድ በቡናው መሃል ነው የሚያልፈው። መንገዱን ይዞ የሚሄደውን ማንም ምን ፈለግክ አይለውም። ከመንገዱ ወጥቶ ቡናው ሥር የገባ ግን ይጠየቃል። አሜሪካም እንደዚሁ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በነሱ አቆጣጠር በ2013 ፍሎሪዳ ውስጥ ፖሊስ አነፍናፊ ውሻ ይዞ ሰው በረንዳ ላይ የወጣበትን ጉዳይ ሲወስን ይህንኑ አስቀምጧል። እንግዳ በፊት ለፊቱ መንገድ ሄዶ ያንኳኳል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ ካልተከፈተለት ይመለሳል። የተፈቀደው ይህ ብቻ ነው። ስለዚህ አንተ የፊት በሩን ስትደውል እንግዳ ነበርክ፤ ወደ ጓሮ ስትዞር ግን ከመንገዱ ወጣህ።

በቴክሳስ የወንጀል ሕግ ክፍል 30.05፣ ያለ ፈቃድ መግባት የሚያስጠይቀው ክልክል መሆኑ ተነግሮህ እያለ ከገባህ ወይም ውጣ ተብለህ እምቢ ካልክ ነው። መነገር ማለት በቃል ብቻ አይደለም። አጥርም፣ ሰሌዳም መልእክት ነው። ዛፍ ወይም ቋሚ እንጨት ላይ ሐምራዊ ቀለም ተቀብቶ ካየህም ትርጉሙ «አትግባ» ነው፤ ከከተማ ወጣ ስትል ልብ በል። ቅጣቱ በመደበኛው እስከ 180 ቀን እስርና እስከ 2,000 ዶላር ይደርሳል። አንተ ውጣ ስትባል ወጥተሃል፤ ሳትከራከር መውጣትህ ደግ አደረግክ። ወደፊት በዚህ ነገር ብትከሰስ ግን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክር ጥፋተኛ ነኝ ብለህ እንዳትፈርም። ትንሽ የምትመስል ቅጣት ወረቀትህን ልታበላሽ ትችላለች።

ሰውዬው ሽጉጥ ማውጣቱስ ብለህ ይሆናል። ቴክሳስ ውስጥ ለማስፈራራት ብቻ መሣሪያ ማሳየት በሕጉ ገዳይ ኃይል እንደመጠቀም አይቆጠርም። ሌሊት የሚፈጸም ስርቆትን ለማስቆም እስከ መግደል የሚፈቀድበት ሁኔታም አለ። ሳር መርገጥ ብቻውን ግን ለመግደል ምክንያት አይሆንም። ይህ ሁሉ ግን ፍርድ ቤት የሚታየው አንተ ከወደቅክ በኋላ ነው። በ2023 ሚያዝያ ወር ካንሳስ ሲቲ ውስጥ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ወንድሞቹን ሊወስድ ሄዶ የተሳሳተ በር ደወለ፤ ጭንቅላቱን ተመትቶ በተአምር ተረፈ። ከሁለት ቀን በኋላ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ የ20 ዓመት ወጣት የተሳፈረችበት መኪና የሰው ግቢ ውስጥ በስሕተት ገብቶ ሲመለስ ተተኮሰባት፤ ሞተች። ገዳዩ ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። ልጅቷን ግን አልመለሳትም።

እና እባክህ፣ ማታ ስትሠራ የፊት በር ላይ ደውለህ ወደ ኋላ ራቅ በል፤ ፊትህ መብራት ላይ ይሁን። ካልተከፈተ ለደንበኛው ደውል። ቁጥሩ ካልታየህ መኪናህ ውስጥ ሆነህ አረጋግጥ። ጓሮ በፍጹም እንዳትዞር። አንድ ትእዛዝ ቢሰረዝብህ ይሰረዝ።

አሁን ወደ ወንድምህ ልምጣ። የጆርጂያውን አህሞድ አርበሪ ታስታውሰዋለህ? 25 ዓመቱ ነበር። በነሱ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 2020 ሲሮጥ በመሠራት ላይ ያለ ቤት ውስጥ ገብቶ ዞር ዞር ብሎ ወጣ። ምንም አልወሰደም። ሦስት ሰዎች በመኪና አሳደው ገደሉት። «የዜጋ መያዝ»፣ ማለትም ተራ ሰው ወንጀለኛን ራሱ መያዝ፣ መብታችን ነው ብለው ተከራከሩ። የተጠለሉበት ሕግ በ1863 የወጣ ነበር። ከሁለት ወር በላይ ማንም አልተያዘም፤ ቪዲዮው ሲወጣ ነው የተያዙት። በ2021 ግዛቱ ያን ሕግ ሻረው፤ በ2022 መጀመሪያ ሦስቱም በዕድሜ ልክ እስራት ተቀጡ። ያኔ ዳላስ ነበርኩ። አልቅሻለሁ። የነሱ ጉድ ነው፣ የነሱ ዘረኝነት ነው ብዬ ነበር ያለቀስኩት።

አገሬ ስገባ የራሴን ግቢ አየሁ። ባለፈው ዓመት የማንጎ ወቅት አንድ ልጅ ግንቡን ዘሎ ገባ። 12 ዓመት ቢሆነው ነው። ዘበኛው «ሌባ! ሌባ!» አለ። ከቤት እስክወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። እጁን በልብስ ማስጫ ገመዴ አስረውታል። ሸሚዙ ውስጥ ሦስት ማንጎ አለ፤ ገና ጥሬ ነው። ሁልጊዜ በትሕትና ሰላም የሚለኝ ሰው በእርግጫ ሲመታው አየሁ። ጮህኩ። «አንቺ ፈረንጅ ሆነሻል፤ እዚህ ካልተመቱ አይማሩም» አሉኝ። ከጆሮው ደም ይወርድ ነበር። ገመዱን የፈታሁት በጥርሴ ነው፤ ቋጠሮው ጠብቆ እምቢ አለኝ። ክሊኒክ ወሰድኩት። እናቱ ስትመጣ ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት። እግሬ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች። እስከ ዛሬ ይህን ማሰብ አልችልም።

ልጁ አጥፍቷል፤ የሰው ግቢ ያለ ፈቃድ መግባት በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 604 ያስቀጣል። ነገር ግን ያው ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ እንደ አዋቂ አይቀጣም ይላል። እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ማንም ዜጋ መያዝ እንደሚችል በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 50 ላይ አለ፤ ቢያንስ ሦስት ወር በሚያሳስር ጥፋት ከሆነ። አንቀጽ 58 ደግሞ የያዘው ሰው ሳይዘገይ ለቅርብ ፖሊስ ጣቢያ ያስረክብ ይላል። መያዝና ማስረከብ ነው። በመሃል መምታት የሚል ቃል የለም።

የደቦ ፍርድ እንዴት እንደሚያልቅ ከኛ በላይ ማን ያውቃል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰሜን አቸፈር ውስጥ ለምርምር የሄዱ ሁለት ሰዎች ልጆች ሊመርዙ ነው በሚል ወሬ ተገደሉ። ጣና ዳር ያለ ወረዳ ነው። ደቦ እህል የሚታጨድበት፣ ቤት የሚቆምበት ነገር ነበር። ለግድያ ስም መሆኑ ያመኛል።

የእናትህ ቦታ ላይ ሕጉ አቅም አላሳጣትም። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1148 ባለ ይዞታው ይዞታውን በኃይል መከላከል ይችላል ይላል። ግን እዚያው በዚያው፣ ነጣቂው በእጅ እንዳለ፣ ያውም ከልክ ሳያልፍ ነው። ቆርቆሮው ሲመታ እናትህ ወጥታ ብታስቆመው መብቷ ነበር። አሁን ወር አልፏል። ዛሬ ልጆች ዶማ ይዘው ከነቀሉት ወንድምህ ራሱ ተከሳሽ ይሆናል። ይህን ጊዜ ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ወጣት ሰብስቦ መሣሪያ የሚመስል ነገር ይዞ መውጣት ለራሱ ለልጆቹ አደጋ ነው። ጎረቤትየውም ልጆች አሉት። አንድ ድንጋይ ከተወረወረ ሁለት ሜትሩን ማንም አያስታውሰውም።

የሚቀረው የሁከት ይወገድልኝ ክስ ነው፤ አንቀጽ 1149። ሁለት ዓመት ካለፈ ይቋረጣል፣ ስለዚህ አትዘግዩ። ካርታውን ይዛ ሄዳ የመሬት ባለሙያ እንዲለካ ትጠይቅ። ቆርቆሮውን ከነቀኑ ፎቶ አንሱት። ከዚያ በፊት ሽማግሌ ላኩ፤ ብዙ የድንበር ነገር በሽማግሌ ያልቃል። ብር መላክ ከፈለግክ ለጠበቃ ላክ።

ከሽምብጥ፣ አሁን ዳላስ፦

ታላቅ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የማንጎውን ልጅ ሦስት ጊዜ።

ትናንት ሌሊት ወንድሜን አወራሁት። መጀመሪያ ተቆጣ፤ «አንተ እዚያ ተቀምጠህ» አለኝ። ስለ ሽጉጡ ያኔ ነገርኩት፤ ለሰው ስነግር የመጀመሪያዬ ነው። ዝም አለ። ከዚያ «ያ ሰውዬ አንተን እንደ ሌባ ነው ያየህ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ጎረቤታችን ለካ የወንድሜ የክርስትና አባት ጓደኛ ነው፤ የክርስትና አባቱን ሽማግሌ አድርጎ ሊልክ ነው። ልጆቹን ቅዳሜ አትምጡ ብሏቸዋል። እናቴ ካርታውን ከሣጥን አውጥታ በፌስታል ጠቅልላ አስቀምጣለች።

ማታ ሥራ ገባሁ። ሦስተኛው ቤት ሁለቴ ደውዬም አልተከፈተም። ሳሩን ሳልረግጥ መኪናዬ ጋ ተመልሼ ደወልኩ። «ኦ፣ ጓሮ ነበርኩ፣ ዙረህ ና» አለችኝ። «ፊት ለፊት እጠብቅሻለሁ» አልኳት። መጣች።