የማንሆል ሥራ ፈቃድ ከየት ነው የሚወጣው?

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነው የምንኖረው። ክረምት ላይ ዝናቡ ጠንከር ሲል ከብሎኩ ጀርባ ያለው ማንሆል (የፍሳሽ መስመሩ መክፈቻ ጉድጓድ) ይሞላና ፍሳሹ በሻወራችን ተመልሶ ይወጣል። መጀመሪያ ጉር ጉር ይላል፣ ከዚያ ጥቁር ውሃ እስከ ሳሎን ይደርሳል። ምክንያቱ አያከራክርም፤ የጣሪያው አሸንዳ ከሽንት ቤቱ መስመር ጋር ተቀጥሏል።

የቧንቧ ሠራተኛው እንደሚለው ሥራው ትንሽ ነው፦ አሸንዳውን ወደ ጎርፍ ቦይ መለየት፣ የማንሆሉን አፍ ከፍ ማድረግ፣ ፍሳሽ ወደ ኋላ የማያሳልፍ ቫልቭ መግጠም። ግን መስመሩ በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ንብረት ስለሆነ በራሴ ተነስቼ አልቆፍርም። የነዋሪዎች ማኅበራችን ኮሚቴ «ፈቃድ አምጡ» ይላል። አንዱ ቢሮ «የፍሳሽ ጉዳይ እኛን አይመለከትም»፣ ሌላው «ግቢ ውስጥ ያለው የእናንተ ነው» ይለናል። (ፍሳሹ መቼ አጥር ያውቃል!)

እንዲህ ያለ ሥራ ያሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ለዚህች ቁፋሮ የግንባታ ፈቃድ የግድ ነው ወይስ የእድሳት ፈቃድ ይበቃል? ማመልከቻው በማኅበሩ ስም ይግባ ወይስ በእኔ? ቃለ ጉባኤ ላይ የላይ ፎቅ ነዋሪዎችም መፈረም አለባቸው? እነሱ ችግሩ ስለማይደርስባቸው ስብሰባ አይመጡም። ከሐምሌ በፊት ብንጨርሰው ደስ ይለኛል።