ከአርዲቦ እስከ ወንጪ፦ የማኅበራችን የሐይቆች ጉዞ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ባለፈው ስብሰባ «ለዘንድሮው ጉዞ የእሳተ ገሞራ ሐይቆችን እንጎብኝ» የሚለው ሐሳብ ያለ ተቃውሞ አልፏል፤ ዝርዝሩን ግን ማንም አልነካውም። ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበውን ረቂቅ እዚሁ አብረን እንጻፈው። መነሻ እንዲሆን ይህን አስቀምጫለሁ፦ «ከደሴ ተነሥተን «ሐይቅ» የተባለውን ሐይቅና አርዲቦን፣ የቢሾፍቱን ሐይቆች፣ ወንጪን፣ ደንዲንና ዘንገናን በአንድ ሳምንት እንጎበኛለን።» የፈለጋችሁትን ቁረጡ፣ የጎደለውን ጨምሩ። ቅር የሚለው ካለ አሁን ይናገር፤ አውቶቡስ ውስጥ የሚነሣ ተቃውሞ አልመዘግብም።

የጂኦግራፊ መምህሩ፦ እኔ ከርእሱ ልጀምር። ሐይቅና አርዲቦ ከእሳተ ገሞራ አፍ የተፈጠሩ ሐይቆች አይደሉም። በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ዳርቻ መሬቱ ተሰንጥቆ በወረደበት ስፍራ የተኙ ናቸው። ዙሪያቸውን የምናየው ጥቁር ድንጋይ ከጥንት እሳተ ገሞራ የፈሰሰ መሆኑ እውነት ነው፤ ጎድጓዳውን የሠራው ግን ፍንዳታ ሳይሆን የመሬት መሰንጠቅ ነው። ቢሾፍቱ ሌላ ነው። እዚያ ከታች የመጣው ቅልጥ ድንጋይ ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆነ፤ እንፋሎቱም መሬቱን በርቅሶ ወጣ። ሆራ፣ ባቦጋያና የቢሾፍቱ ሐይቅ የተኙት እንዲህ በተከፈቱ ጉድጓዶች ውስጥ ነው። ኩሪፍቱን ግን ከእነዚህ ጋር እንዳትቆጥሩት፤ እርሱ ሰው ሠራሽ ነው። ወንጪ ደግሞ አንድ ትልቅ የእሳተ ገሞራ ተራራ አናቱ ወደ ውስጥ ሰምጦ የቀረው ገበቴ ነው፤ የተራራው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ረቂቁ ሁሉንም «የእሳተ ገሞራ ሐይቆች» ብሎ በአንድ ስም ከጠራ ከጉባኤው ውስጥ አንድ ተማሪ ተነሥቶ ያርመናል።

ከሐይቅ ከተማ አንዲት አባል፦ መምህር፣ በጨዋ ቋንቋ ከዝርዝሩ ልታስወጡን ነው ማለት ነው? የወሎ ማኅበር ሐይቅን ትቶ ቢሾፍቱ ቢሄድ ለሰሚውም አይመችም። ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚያ ላይ ማን ልብ ብሎት እንደሚያውቅ እንጃ እንጂ፣ የአርዲቦ ትርፍ ውኃ በወንዝ ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ ከሐይቅ ግን ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለም። ከላይ አርዲቦን አይቶ ወደ ታች መውረድ ብቻውን የአንድ ቀን ጉዞ ይሞላል።

የጂኦግራፊ መምህሩ፦ እህቴ፣ ማስወጣትስ አልፈለግሁም። እንዲያውም ቀድመን ሐይቅን ብናይ የቢሾፍቱው ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይታየናል። ሐይቅ ዳር ስትቆሚ አንዳንዱ ወገን ረባዳ ነው፤ ሸምበቆና እርሻ እስከ ውኃው ይደርሳል። ባቦጋያ ላይ ዙሪያውን የሚከብብሽ ገደል ነው፤ ወደ ውኃው ለመድረስ የግድ መውረድ አለብሽ። ርእሱ «የሐይቆች ጉዞ» ይሁንና ውስጡ «በመሬት መሰንጠቅና በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ» ብሎ ይለይ።

ጸሐፊ፦ ተቀብያለሁ። ርእሱ ተቀይሯል።

ሹፌር የሆነው አባል፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህን ረቂቅ የጻፈው ሰው መሪ ጨብጦ አያውቅም። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጣርማበርን ዳገት ከነጭነቱ የሚወጣ አውቶቡስ ደግሞ አይቸኩልም። የመጀመሪያው ቀን በመንገድ ብቻ ያልቃል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ነው፣ ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል በስተ ምዕራብ፣ ዘንገና ደግሞ እስከ አዊ፣ እስከ እንጅባራ ድረስ። ሁሉን በአንድ ሳምንት ካላችሁ የምታዩት አስፋልት ነው። ዘንገና ይውጣ። ወደ ባሕር ዳር በምንሄድበት ዓመት ከዋናው መንገድ ዳር ስለሆነ እግረ መንገዳችንን እናየዋለን። ደንዲም ይቅር፤ ለወንጪ ጎረቤት ቢሆንም ሌላ ቀን ይበላል።

ወጣት አባል፦ ደንዲ መንታ ሐይቅ ነው፤ ፎቶው ያምራል!

ሹፌር የሆነው አባል፦ ወንድሜ፣ ለፎቶው ብቻ ከሆነ አንተን በሞተር ብስክሌት እንልክሃለን።

ሐጂ፦ ልጆቼ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ሽማግሌዎችንም አስቡ። የወንጪን ገደል በእግራችን ወርደን በእግራችን መውጣት አንችልም።

ጸሐፊ፦ ወዓለይኩም ሰላም፣ ሐጂ። ወንጪ ላይ የአካባቢው ሰዎች ፈረስ ያከራያሉ፤ መውጫውን በፈረስ ማድረግ ይቻላል። የፈረሱ ኪራይ ከግል ኪስ ሳይሆን ከጉዞው በጀት እንዲሸፈን በረቂቁ አስገባለሁ። መውረድ የማይፈልግም ከአፋፉ ላይ ሆኖ ሐይቁን፣ በመካከሉ ያለችውን ደሴትና በላይዋ ያለውን የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ማየት ይችላል። ወንጪ በ2021 በተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል፤ በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክትም ከታቀፉት ሦስት ስፍራዎች አንዱ ነው።

ነርሷ፦ ስለ ደኅንነት ሁለት ነገር አለኝ። የመጀመሪያው ስለ መዋኘት ነው። መምህር እንዳሉት የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ግድግዳው ከውኃው በታችም ይቀጥላል፤ ከዳር ጥቂት ርምጃ ገባ ስትሉ እግራችሁ መቆሚያ ያጣል። ረግጬ እቆማለሁ ብሎ የሚገባ ሰው የሚሰጥመው በዚህ ነው። መንሳፈፊያ ጃኬት ያላደረገ ሰው ጀልባ ላይ አይወጣም፤ ዋና የሚፈቀደው ጠባቂ ባለበት ብቻ ነው፤ ልጅ ከወላጁ እጅ አይለይም። ይህ በረቂቁ ውስጥ እንደ ደንብ ይጻፍ። ሁለተኛው እናቴ የጠየቀችኝ ነው፦ «እንደ ካሜሩኑ ሐይቅ ጋዝ ቢወጣስ?»

የጂኦግራፊ መምህሩ፦ እናትሽ የሰሙት የኒዮስን ነገር ነው። በ1986 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ከኒዮስ ሐይቅ ሥር ለዘመናት የተጠራቀመ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአንድ ሌሊት ወጥቶ ከ1,700 በላይ ሰዎችን ገደለ። ጋዙ የተጠራቀመው የታችኛውና የላይኛው ውኃ ሳይደባለቁ ለረጅም ጊዜ በመቆየታቸው ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች በብርዱ ወራት ላያቸው ሲቀዘቅዝ ይደባለቃሉ። ያኔ ኦክስጅን ያጣው የታችኛው ውኃ ወደ ላይ ወጥቶ ዓሣ የሚሞትበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ይኸው መደባለቅ ጋዙ ከሥር እንዳይጠራቀም ያደርጋል። ለእናትሽ ንገሪያቸው፤ ከዚህ ይልቅ የጣርማበር ጉም ያስፈራል።

አንዲት አባል፦ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ማንም አላነሣም። ገዳሙ ሴት አያስገባም፤ ባለፈው ጊዜ ወንዶቹ ገብተው እስኪወጡ እኛ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠን ቀረን። ሥርዓቱን አከብራለሁ፤ ቅሬታዬ ፕሮግራሙ ረስቶን በመቅረቱ ነው።

ከሐይቅ ከተማ አንዲት አባል፦ ትክክል ነሽ፣ እኅት ዓለም። ወንዶቹ ገዳም ሲገቡ ሴቶቹ በጀልባ ሐይቁን እንዙር። ገዳሙ ቀድሞ ደሴት ነበረ፣ አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል፤ ከጀልባ ላይ ሲያዩት ግን ዛሬም ደሴት ይመስላል። ከመሄዳችን በፊት ደግሞ ስለ ገዳሙ የሚነግረን ሰው ይኑር፤ አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ስላቋቋሙት ትምህርት ቤት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚያ ስለ መማራቸው፣ አበምኔቱም በነገሥታቱ ዘንድ ዓቃቤ ሰዓት በሚል ማዕረግ ይጠሩ ስለ ነበር። ይህን አውቶቡሱ ውስጥ ሁላችንም እንስማው፤ በር ላይ ስንደርስ ብቻ እንለያይ።

ጸሐፊ፦ ይገባል፤ ቃል በቃል። አሁን ምሳ። ሁሉ በአንድ ሳምንት ስለማይሆን ሐይቅና አርዲቦን ከሩቁ ጉዞ ለይተን ለብቻቸው በአንድ ቀን እንያቸው፤ ይህ የሐይቁ ቀን በጥቅምት ቅዳሜ ቢሆን ዝናቡ አልፏል፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው። ሥጋ ካዘዝን እንደ ልማዳችን ሁለት ድስት ሊጣድ ነው።

ሐጂ፦ ምን ሁለት ድስት ያስፈልጋል? ሐይቅ ዳር ሄዶ ሥጋ የሚፈልግ ማን ነው? ዓሣ ማን ባረከው ተብሎ አይጠየቅም። ቆሮሶውን ጠብሰው በአዋዜ ያቅርቡልን፤ ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንብላ።

አንዲት አባል፦ ሐጂ፣ ጥቅምት ጽጌ ነው፤ የሚጾሙ እናቶች አሉ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ደግሞ እዚህ ከጀመርን አንጨርሰውም።

ጸሐፊ፦ አንጀምረውም። ለጿሚ ሽሮና አትክልት በተለየ ዕቃ ይሠራል። አለቀ።

ገንዘብ ያዥ፦ እስካሁን ዝም ያልሁት ሒሳብ ስላልተነሣ ነው። ማንም ዋጋ እንዳይጽፍ። ከሦስት ባለ አውቶቡሶችና ከሦስት ሆቴሎች ፕሮፎርማ ሳይመጣ የሚጻፍ ቁጥር በኋላ እኔን ነው የሚያስጠይቀኝ። ሐሳቤ ይህ ነው፦ የሐይቁ ቀን ከማኅበሩ ሣጥን ይሸፈን፤ የሩቁ ጉዞ ግን በየወሩ በሚቆጠብ መዋጮ ይሁን። ያልሄደ ሰው የሄደውን ወጪ አይሸከምም። መጠባበቂያ ተብሎ የሚያዝ ገንዘብም ይኑር፤ ጎማ ቀጠሮ አክብሮ አይፈነዳም።

ሰብሳቢ፦ በሒሳቡ እስማማለሁ። የሩቁ ጉዞ ጊዜ ከጥምቀት በኋላ፣ የግማሽ ዓመት ፈተና ሲያልቅ ቢሆን መምህራንም ልጆችም ነፃ ይሆናሉ። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ስለሚከበር ያኔ እንሂድ ያላችሁ ነበራችሁ። እርሱ የምስጋና በዓል ነው፤ ማክበር የሚፈልግ ለበዓሉ ብሎ ይሂድ እንጂ የጉብኝት ፕሮግራማችን ማዳመቂያ አናድርገው።

ሐጂ፦ ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ ይመጣል። ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ሁለቱንም የቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን ዘርግታችሁ እዩ። ዐቢይ ጾምም በዚያው ሰሞን ይገባል።

ጸሐፊ፦ እናያለን፣ ሐጂ። እንግዲህ ለጉባኤው የሚቀርበው እንዲህ ይነበባል፦

«ማኅበሩ የሐይቆች ጉዞውን በሁለት ዙር ያካሂዳል። የመጀመሪያው በጥቅምት ወር በአንድ ቅዳሜ፣ ከነቤተሰብ፣ መጀመሪያ ወደ አርዲቦ፣ ከዚያ ወደ ሐይቅ ይሆናል፤ ወጪው ከማኅበሩ ሣጥን ይሸፈናል፤ ወንዶች ገዳሙን በሚሳለሙበት ሰዓት ለሴቶች የጀልባ ጉዞ ይዘጋጃል። ሁለተኛው ዙር ከጥምቀት በኋላ፣ ከጾምና ከረመዳን ጋር በማይጋጭ ቀን፣ ወደ ቢሾፍቱና ወደ ወንጪ ይሆናል፤ ወጪው በተጓዦች ወርሃዊ ቁጠባ ይሸፈናል፤ የአረጋውያን የፈረስ ኪራይ በዚሁ ውስጥ ይካተታል። በነርሷ የቀረበው የውኃ ደኅንነት ደንብ የዚህ ዕቅድ አካል ነው። ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት የመንገዱ ደኅንነት በኮሚቴው ተጣርቶ ለአባላት ይገለጻል፤ አስጊ ከሆነ ጉዞው ይራዘማል።»

ወጣት አባል፦ ደንዲስ?

ሰብሳቢ፦ «ጊዜ ከተረፈ ደንዲ» የሚል ሐረግ ይጨመር፤ መወሰኑ ለሹፌሩ ይተው።

ሹፌር የሆነው አባል፦ እስማማለሁ። የሚተርፍ ጊዜ ግን የለም።