ኮምፓስና የምርጫ ካርድ፦ የፓርቲ ፕሮግራም በክፍል ውስጥ ይመዘን ወይ?

አስተባባሪ፦ የሐዋሳ ተማሪዎች፣ መምህራንና ወላጆች በምንሳተፍበት በዚህ የክርክር ቡድን ለዚህ ሳምንት የቀረበው ጭብጥ ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የመጣ ነው። ተማሪው የሚለው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ስልክ ላይ የሚሠራ የጂኦሜትሪ መተግበሪያ ቢመጣም ኮምፓስና ማስመሪያ ከተማሪ እጅ አይውጡ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ 18 ዓመት የሞላው ተማሪ ፓርቲ የሚመርጥበትን መንገድ እዚያው ክፍል ውስጥ የፓርቲዎችን ፕሮግራም እየመዘነ ይለማመድ የሚል ነው። ቅስቀሳ አይፈቀድም። ቅድሚያውን ለእርሱ እንስጥ።

ተማሪው፦ መምህራችን አንድን መስመር እኩል ለሁለት ስንከፍል አንድ ጥብቅ ትእዛዝ አላቸው፤ ቅስቶቹን በላጲስ አታጥፉ ይሉናል። ኮምፓሱን ከመስመሩ ግማሽ አለፍ አድርገን ከፍተን፣ መርፌውን በአንደኛው ጫፍ ከዚያም በሌላኛው እየተከልን፣ ከላይና ከታች የሚቋረጡ ቅስቶች እንሠራለን፤ መቋረጫዎቹን በማስመሪያ ስናገናኝ መሐሉ ይገኛል። 12 ሳንቲ ሜትር ለክቶ 6 ላይ ነጥብ ያደረገ ተማሪም እዚያው ሊደርስ ይችላል፤ ሆኖም ቅስት የሌለው ሥራ መልሱ ቢገጥምም ማርክ አያገኝም። ፓርቲዎች ለእኛ የሚነግሩን ነጥቡ የት እንደሚያርፍ ብቻ ነው፤ ቅስቶቹን አያሳዩንም። ለምሳሌ አንድ ፓርቲ ቢመረጥ መሬትን የግል እንደሚያደርግ ቃል ገባ እንበል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው የሚለው ድንጋጌ ያለው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ሲሆን፣ አንቀጹ በምዕራፍ ሦስት ሥር ስለሚገኝ በአንቀጽ 105 መሠረት ሊሻሻል የሚችለው ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ ሲያጸድቁትና ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችም እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲቀበሉት ነው። በ1997ቱ ምርጫ ዘመን ክልሎች 9 ነበሩ፤ ዛሬ 12 ናቸው። ስለዚህ ያ ፓርቲ በተወካዮች ምክር ቤት አብላጫውን ወንበር ቢያገኝ እንኳ አንድ የክልል ምክር ቤት እምቢ ካለ ነገሩ እዚያው ይቆማል። እኔ ፓርቲው ተሳስቷል አላልሁም፤ አሥራ ሁለቱን ምክር ቤቶች በምን እንደሚያሳምን ጽፎ ያሳየን ነው የምለው። ደግሞም በኮምፓስና ምልክት በሌለው ማስመሪያ ፈጽሞ የማይሠሩ ነገሮች አሉ፤ 60 ዲግሪን ለሦስት እኩል መክፈል እንደማይቻል ፈረንሳዊው ፒየር ዋንዝል በ1837 እ.ኤ.አ. አረጋግጦታል። ከተስፋዎቹ መካከል የትኛው የዚህ ዓይነት እንደሆነ የምንለየው መሣሪያውን በእጃችን ይዘን ስንለማመድ ነው።

የዜግነት ትምህርት መምህርት፦ ልጄ፣ ያነሣኸው ምሳሌ የሚያስደስት ነው፤ እኔን ያሠጋኝም እሱው ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከቶችና ከባህላዊ ተጽዕኖዎች ነፃ በሆነ መንገድ መካሄድ አለበት ይላል። አንቀጾቹን ማስተማር ሥራዬ ነው፤ የዚህን ወይም የዚያን ፓርቲ ተስፋ በሰሌዳ ላይ ዘርዝሮ ይቻላል አይቻልም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ከመቶ ተስፋዎች መካከል የመሬትን ጉዳይ መርጦ የጀመረ መምህር ለማን እንዳደላ ተማሪው ሳይውል ሳያድር ይገምታል፤ ግምቱ ሐሰት ቢሆንም ወላጅ ቤት ደርሶ እውነት ይሆናል። መምህሩ የመንግሥት ደመወዝተኛ፣ ተማሪውም ማርክ ጠባቂ በሆነበት ክፍል ውስጥ የሚደረግ ምዘና እኩል ሰዎች የሚያደርጉት ምዘና አይደለም። መርጦ ማንሣት ብቻውን ማድላት ነው።

አንድ ወላጅ፦ እኔ ከመርፌውና ከእርሳሱ ልጀምር። ለልጄ የገዛሁት ኮምፓስ ብሎኑ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ላልቶ፣ የተነሣው ክብ ዞሮ ሲመለስ ከመነሻው ጋር አይገጥምም፤ ልጁም ጥፋቱ የእጁ ይመስለዋል። በዚያ ላይ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተሰጡት መልሶች አንዱን መምረጥ ነው፤ ቅስት የሚያይለት አራሚ የለም። ጥሩ ኮምፓስ ይገዛ ካላችሁን የምንገዛው ለምን እንደሆነ ንገሩን። ስለ ፓርቲው ደግሞ አንድ ነገር ተረስቷል። በአንቀጽ 54 መሠረት በየምርጫ ክልሉ ድምፅ የምንሰጠው ለዕጩ ነው፤ ከተወዳዳሪዎቹ ብልጫ ያገኘው ያልፋል። የግል ተወዳዳሪም አለ። ተማሪው ፕሮግራሙን ሲመዝን ውሎ ሰውየውን ሳያውቀው ድምፅ ሊሰጠው ነው።

የሒሳብ መምህር፦ ለወላጁ ጥያቄ መልሴ አጭር ነው፤ ብሎኑ የላላ ኮምፓስ ከሌለ ይሻላል፤ በዚህ ረገድ ስልኩ ይረዳል። ተማሪያችን መተግበሪያውን ጥቂት አንኳሶታል። ጂኦጀብራ በተባለው የጂኦሜትሪ መተግበሪያ ላይ በዓይን ግምት የተሠራን ሦስት ማዕዘን አንድ ጫፉን በጣት ሲጎትቱት ይፈርሳል፤ በሥርዓት የተገነባው ግን ጎኖቹ እኩል እንደሆኑ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ወረቀት ይህን ፈተና ሊሰጥ አይችልም። እንዲያውም ለፓርቲ ተስፋ የሚሻለው ይኼኛው ፈተና ይመስለኛል፤ ገቢው ቢቀንስ፣ ዝናቡ ቢዘገይ፣ ጥምር መንግሥት መመሥረት ግድ ቢሆን ተስፋው ይቆማል ወይ ብሎ ጫፉን መጎተት ነው። ሁለተኛ፣ ዋንዝል ያረጋገጠው በተፈቀዱት ሁለት መሣሪያዎች እንደማይቻል ብቻ ነው። የአርኪሜዲስ ነው የሚባለው ዘዴ ማስመሪያው ላይ ሁለት ምልክት በማድረግ ብቻ ማንኛውንም ማዕዘን ለሦስት ይከፍላል። ስለዚህ አንድ ፓርቲ በአሁኑ ሕግ የማይቻለውን ሕጉን ለውጬ አደርገዋለሁ ቢል ዋሸ አይባልም፤ የሚጠበቅበት ማስመሪያው ላይ ምልክት ማድረጉን አስቀድሞ መናገር ነው።

ተማሪው፦ መምህር፣ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ምልክቱን ማድረግም ተቆልፏል። አንቀጽ 105 ራሱ ሊሻሻል የሚችለው ያው አንቀጽ በደነገገው ጥብቅ ሥርዓት ነው።

አንድ ጡረተኛ፦ ሁላችሁም የምትነጋገሩት ኮምፓሱ ከተከፈተ በኋላ ስላለው ነገር ነው፤ መርፌው የት ይተከል የሚለውን ማንም አላነሣም። በ1997 ዓ.ም. በቴሌቪዥን የተላለፉትን የፓርቲዎች ክርክሮች ሰፈራችን በአንድ ቤት ተሰብስቦ ተከታትሏል፤ የኢሕአዴግን ምልክት ንብንም የቅንጅትን ምልክት ሁለት ጣትንም የመረጡ ጎረቤቶቼ ፕሮግራም አወዳድረው የመረጡ እንደሆኑ ይናገሩ ነበር፤ ነገር ግን ከክርክሩ በፊት ልባቸው የት እንደነበረ እኔም እነርሱም እናውቃለን። እዚሁ ከተማ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ፣ ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን ከሚለው የሻፌታ ምልክትና በደቡብ ክልል ውስጥ ይቀጥል ከሚለው የጎጆ ምልክት አንዱን ለመምረጥ ንጋት ላይ የተሰለፈው ሰው የበጀት ሠንጠረዥ አልያዘም ነበር። የመጣው ማን ነኝ፣ በማን ልተዳደር የሚለውን ለመመለስ ነው፤ ይህም ተገቢ ጥያቄ ነው። ልጄ፣ አንተ ሰው ሁሉ ከአንድ ነጥብ ይነሣል ብለህ ተነሣህ። ለአንዱ መነሻው ቋንቋው ነው፣ ለሌላው የዳቦ ዋጋ፣ ለሌላው በሰላም ወጥቶ መግባት። ያንን የሚነግር ማስመሪያ የለም፤ መምህርም ሊነግር አይገባውም።

ተማሪው፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ መርፌውን እያንዳንዱ ሰው በገዛ እጁ ይትከለው፤ ክፍል ውስጥም ለምን እዚያ ተከልህ ተብሎ አይጠየቅ። ከተተከለ በኋላ የሚነሣው ቅስት ግን የጋራ ነው፤ ምክንያቱም ለቋንቋው ብሎ የመረጠውም፣ ለዳቦው ብሎ የመረጠውም ተስፋው በየትኛው ምክር ቤት እንደሚያልፍና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ እኩል ይጠቅማቸዋል። መምህርት ላነሡት ሥጋት ይህን አቀርባለሁ፤ ምሳሌውን መምህር አይምረጥ፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከፈለገው ፕሮግራም አንድ ተስፋ ገልብጦ የፓርቲውን ስም ሳይጽፍ ያምጣ፤ ዕጣ ይውጣ፤ በወጣው ላይ የትኛው ሕግ እንደሚለወጥ፣ ማን ድምፅ እንደሚሰጥ፣ ወጪው በማን እንደሚሸፈን ብቻ እንጻፍ። ይቻላል ወይም አይቻልም የሚለው ፍርድ አይሰጥ፤ ማርክም አይኑረው። ወላጁ ስላነሡት ዕጩም ቢሆን ያው ወረቀት በቅስቀሳ ጊዜ ለሚመጣው ሰው በአካል የሚቀርብ ጥያቄ ይሆናል፤ መመለስ ካልቻለ ሰውየውን ያን ጊዜ እናውቀዋለን።

የዜግነት ትምህርት መምህርት፦ ዕጣው መልካም ነው፤ ማርክ አለመኖሩም እንዲሁ። ስም መሸፈኑ ግን አያዋጣም። የጀመርነውን አጠናክረን እንቀጥላለን የሚል ዓረፍተ ነገር በዕጣ ቢወጣ፣ ስሙን ሸፍኖ ማን እንደጻፈው የማያውቅ ተማሪ ሐዋሳ ውስጥ ይገኛል? ክፍሉ ይስቃል፤ ከሳቁ በኋላ ደግሞ ዝም ይላል፤ እኔ የምፈራው ዝምታውን ነው።

ተማሪው፦ ለእንደዚያ ያለው ተስፋ ሥራው ይቀልላል እንጂ አይከብድም። ሥልጣን ላይ ያለ ፓርቲ ቅስቶቹን በከፊል ሠርቷቸዋል፤ የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርበው ሪፖርት ውስጥ በጀቱ እንዴት እንደዋለ ይገኛል። ተጀመረ የተባለው ተጀምሮ እንደሆነ ከዚያ እናነብባለን።

የዜግነት ትምህርት መምህርት፦ እንግዲያው ከክፍለ ጊዜ ውጭ፣ በክበብ፣ የፈለገ ብቻ በሚገኝበት ይሁን፤ በዚህ እስማማለሁ። በክፍለ ጊዜዬ ውስጥ ግን አንቀጽ 90 እስካለ ድረስ አልፈቅድም።

የሒሳብ መምህር፦ ክበቡ የሒሳብ ክበብ ቢሆን እኔ ክፍሉን እከፍታለሁ። ለወላጆች የማሳስበው፣ ኮምፓስ ስትገዙ ብሎኑን ጠበቅ አድርጋችሁ አንድ ሙሉ ክብ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሠርታችሁ እዩት።